ትምህርት ተዘጋ፣ ኪስም ተዘጋ፤ ከልጆች ጋር በትንሽ ወጪ የት ይዋላል?

የሦስቱ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ እኔ ግን ዓመት የሞላኝ ያህል ደክሞኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ 7፣ ትንሹ 3። ትልቁ ስልክ ላይ ተተክሎ ይውላል። መካከለኛዋ በየአሥር ደቂቃው እየመጣች «እማ ደበረኝ» ትለኛለች። ትንሹ ሁለቱ በተጣሉ ቁጥር አብሮ ያለቅሳል፣ ምን እንዳስለቀሰው ግን እሱም አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ባለቤቴ ጨክነን ይዘናቸው ወጣን። አንድ የልጆች መዝናኛ ነው፣ ስሙ ይቅር። መግቢያው ያን ያህል አልነበረም። ግን ከገባን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ ጠማን ተባለ። ቀጥሎ ራበን። ቀጥሎ ትንሹ ፊኛ አየና መሬት ላይ ተንከባለለ። ፊኛው ተገዛለት፣ እህቱ አኮረፈች፣ ለእሷም ተገዛ፣ ትልቁ «እኔስ?» አለ፣ እሱ ደግሞ ፊኛ አይሆነውም፣ ሌላ ነገር ተገዛ። ልንመለስ ስንል ትንሹ እንቅልፉ መጥቶ አልራመድም አለ፣ ታክሲ ያዝን። ማታ ቁጭ ብለን ስንደምረው የወሩን የመብራትና የውሃ ክፍያ የሚያህል ገንዘብ በአምስት ሰዓት ውስጥ በትነን መጥተናል። ፊኛው በማግስቱ ጠዋት አልጋ ሥር ፈንድቶ ተገኘ።

አሁን ባለቤቴ «ከእንግዲህ ቤታችን ይሻለናል» ብሏል። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ በር ዘግቼ መቀመጥ አልችልም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ከትራንስፖርት ያላለፈ ወጪ ያለው ነገር ፈልጌ ነው። መኪና የለንም። አየሩም አይታመንም፣ ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት ይዘንባል። እባካችሁ «ፓርክ ውሰጃቸው» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። ፓርኩን አውቀዋለሁ፤ ወስጄ ምን ላድርጋቸው ነው ጥያቄዬ።

ስንቅ በእጄ

እህቴ፣ የጻፍሽውን እስኪ መልሰሽ አንብቢው። ለመግቢያ የከፈላችሁት ትንሹን ነው። ገንዘባችሁን የበሉት ጥም፣ ረሃብና እንቅልፍ ናቸው። የራበው ልጅ ይነጫነጫል፣ የሚነጫነጭ ልጅ ፊኛ ያያል፣ የደከማት እናት ደግሞ ትገዛለች። እኔም አራት አሳድጌያለሁ፣ ይህን እስክገነዘብ ብዙ ፊኛ ገዝቻለሁ።

ስለዚህ ቦታውን ከመምረጥሽ በፊት ስንቁን ጨርሺ። ማታውኑ ይቋጠር፣ ጠዋት ግርግር ነው። ቤት ካለው ምግብ ይሁን፤ «ለሽርሽር» ተብሎ የተለየ ነገር ከተገዛ ወጪው በሌላ በር ገባ ማለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የውሃ ጠርሙስ ይያዝ፣ የ3 ዓመቱም ጭምር። ለእሱ ትንሽ ቦርሳ ስጪው፣ ውስጧ አንድ መሐረብ ብቻ ቢኖርም ኩራቱ ሌላ ነው። ከዚያ ዋናው ዘዴ፦ ራበኝ እስኪሉሽ አትጠብቂ። ከወጣችሁ አንድ ሰዓት ሲሞላ ቁጭ አድርገሽ አቅምሻቸው። ራበኝ ካለ በኋላማ ዘገየሽ፣ ያኔ ዓይኑ ሱቅ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። የቀኑን ርዝመት የሚወስነው ትንሹ ልጅ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚተኛ ከሆነ 6 ተኩል ላይ የቤትሽን በር ማየት አለብሽ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ውጡ። አራት ሰዓት ያህል ታገኛላችሁ፣ ከበቂ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ መዋል አለብን ያለው ማነው?

አንድ ቅያሪ ሱሪ በፌስታል ጠቅልለሽ መያዝ አትርሺ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የመጨረሻ ፌርማታ

የእኔ ሁለት ናቸው፣ ወንዱ 9፣ ሴቷ 6። እኛ ቤት የሚወደደው ሽርሽር አውቶቡስ ነው፣ አትሳቁ። ተራው የደረሰው ልጅ አንድ የአውቶቡስ ቁጥር ይመርጣል፣ ከፊት ወንበር እንይዛለን፣ መስመሩ እስከሚያልቅበት ድረስ እንሄዳለን። እዚያ ወርደን አንድ ሰዓት እንዞርና በዚያው አውቶቡስ እንመለሳለን። ወጪው የደርሶ መልስ ትኬት ነው። ስንት ዓመት በኖርኩበት ከተማ ውስጥ በቁጥር ብቻ የማውቀው መስመር የት እንደሚያበቃ ያወቅሁት በልጆቼ ነው።

የምንዞረው በሳንቲም ነው። መንገድ በተሰነጠቀ ቁጥር ሳንቲም ይወረወራል፤ ዘውድ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ጎፈር ከሆነ ወደ ግራ። ወርዋሪዋ ሴቷ ናት፣ ይህን ሥልጣን ለማንም አትሰጥም። አንድ ቀን ሳንቲሙ አራት ጊዜ ተከታትሎ ወደ ቀኝ አለን፣ እኛም በታዛዥነት ሄድን፣ ሄድን፣ ከዚያ እሷ ቆም ብላ «አባ፣ ይሄን ቢጫ በር አይተነው ነበር እኮ» አለችኝ። እውነትም የወጣንበት በር ላይ ነን። ወንድሟ ለካ አራት ጊዜ ወደ ቀኝ ማለት መዞር ነው ብሎ መሬት ላይ በጠጠር ሳለው። አራት ማዕዘን። ክፍል ውስጥ ይህንኑ ለማስተማር ስንት ጠመኔ ያልቃል።

ሌላው ነጻ ነገር የሰው ሥራ ማየት ነው። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ከአጥሩ ውጭ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። አንድ ክሬን ብረት ሲያነሳ፣ ወዛወዝ ሲያደርግ፣ ቀስ አድርጎ ሲያስቀምጥ የ3 ዓመት ልጅ ዓይኑን አይነቅልም። ብየዳ ካለ ግን ብልጭታውን እንዲያዩ አትፍቀዱላቸው፣ ያለ መከላከያ መስታወት ዓይን ይጎዳል።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ሳይንስ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፣ አሁን የልጅ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። «ወስጄ ምን ላድርጋቸው» ያልሽው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። መልሴ አንድ ዱላ ይዘሽ ውጪ የሚል ነው። ዱላው የትም አለ፣ ዋጋ የለውም።

በመጀመሪያ ዛፍ ይለኩበታል። ትልቁ ልጅሽ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ዱላውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ከጭብጡ በላይ ያለው የዱላው ርዝመት ከዓይኑ እስከ ጭብጡ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዱላውን ወደ ጉንጩ አጋድሞ ጫፉ ዓይኑ አጠገብ መድረሱን ያረጋግጥ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዛፉን እያየ፣ ወደ ኋላ ይራቅ። የዱላው ጫፍ የዛፉን ጫፍ ሲነካለት፣ ጭብጡ ደግሞ የዛፉ ሥር ላይ ሲያርፍለት ያቁም። ከቆመበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። በእርምጃ ይቁጠረው። ወደ ኋላ ሲሄድ እህቱ ከኋላው ትጠብቀው፣ እኔ በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የማያምን ካለ በመጀመሪያ በአባቱ ላይ ይሞክረው፣ የአባት ቁመት ስለሚታወቅ።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ ካለ ዱላውን መሬት ላይ ቀጥ አድርገሽ ትከዪው፣ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ሌላ ጠጠር። ጥላው እያጠረ ሄዶ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና ይረዝማል። በጣም ያጠረበት ጊዜ የፀሐይ እኩለ ቀን ነው፣ ያን ጊዜ ጥላው የሰሜንና የደቡብን መስመር ያሳያል። ከሰዓትሽ 6 ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል፣ ልጆቹ ይህን ሲያዩ ሰዓቱ ተበላሽቷል ይላሉ፣ ተያቸው ይከራከሩ። በዚያውም አንድ ጠቃሚ ነገር ይማራሉ፤ የራሳቸው ጥላ ከቁመታቸው ካጠረ ፀሐዩ ቆዳ የሚያቃጥልበት ሰዓት ነውና ወደ ዛፍ ጥላ ይግቡ።

ሦስተኛ፣ ለትንሹ። ጉንዳን ፈልጉ። በመስመር ሲሄዱ ካገኛችኋቸው መስመሩን በጣት አንድ ጊዜ አቋርጣችሁ ጥረጉት። የሚሄዱት የፊተኞቹ ጥለውት ያለፉትን ሽታ ተከትለው ስለሆነ የተጠረገው ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከዚያ አንዷ ደፍራ ታልፍና መንገዱ ይቀጥላል። የእኔ ትንሿ የልጅ ልጅ በሆዷ ተኝታ ሃያ ደቂቃ አይታለች። የ4 ዓመት ልጅ ሃያ ደቂቃ ዝም ስትል አስቢው። አልፎ አልፎ «ይቅርታ» ትላቸዋለች። የሚናከሰው ዓይነት ከሆነ ግን ከሩቁ።

መብረቅን በተመለከተ፦ አየሩ አይታመንም ስላልሽ ይህን ማወቅ አለባችሁ። ብልጭታውን እንዳዩ መቁጠር ይጀምሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 9 ቆጥረው ነጎድጓዱን ከሰሙ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ግን ይህ ጨዋታ ቤት ገብቶ የሚጫወቱት ነው። ብልጭታውን ካየሽ 30 ሳትቆጥሪ ከሰማሽው ቅርብ ነውና ወደ ሕንፃ ወይም ጣሪያ ወዳለው ዝግ መኪና ግቡ፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ።

ማታ ደግሞ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ነሐሴ 6 ለ7 አጥቢያ ልጆቹን ቀስቅሻቸው። ምድር በዚያ ሰሞን ስዊፍት ተትል የሚባለው ጅራታም ኮከብ በትኖት ያለፈውን አቧራ ሰንጥቃ ታልፋለች። ጅራታሙ ኮከብ ፀሐይን የሚዞረው በ133 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው፣ ወደ ፀሐይ የቀረበው በፈረንጆቹ 1992 ነበር፤ እሱን ልጆችሽም ላያዩት ይችላሉ፣ ትራፊው ግን በየዓመቱ ይታያል። ብዙዎቹ ተወርዋሪ ኮከቦች የአሸዋ ቅንጣት ታህል ናቸው። በሰከንድ ወደ 59 ኪሎ ሜትር እየበረሩ አየር ውስጥ ሲገቡ ነው የሚያበሩት። መሣሪያ አያስፈልግም። ምንጣፍና ብርድ ልብስ ይዞ፣ መብራት የሌለበት ቦታ ጋደም ማለት ብቻ። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ሰው ስልኩን ካበራ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። ደመና ከሆነ ደግሞ ሳትቀሰቅሻቸው ተኚ።

ታላቅ እህት

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጻፉት ነገር ለ7 ዓመቷ ምርጥ ነው፣ ለ11 ዓመቱ ግን እፈራለሁ። እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ 11 ዓመት እንዴት እንደነበረ ገና አልረሳሁም። በእረፍት ቀን «ነይ ዛፍ እንለካ» ብትለኝ ኖሮ እናቴን ትምህርት ቤቱ የላካት ይመስለኝ ነበር። ደግሞ በዚያ ዕድሜ ከታናናሾችህ ጋር ተሰልፈህ ስትሄድ የክፍልህ ልጅ እንዳያይህ ነው ጸሎትህ።

እኔ የምለው ሥልጣን ስጪው ነው። የቀኑን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እጁ ላይ አድርጊ። ትራንስፖርቱን እሱ ይክፈል፣ ታናናሾቹ የሆነ ነገር ሲለምኑ ወደ አንቺ ሳይሆን ወደ እሱ ይሂዱ። የተረፈው የእሱ ነው በይው። ከዚያ ፊኛ ይገዛ እንደሆነ እናያለን። እናቴ ይህን ያደረገችብኝ ቀን ለታናሽ ወንድሜ ውሃ ገዝቼ መልስ ስቆጥር ሻጩን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ስልኩንም አትቀሚው፣ ሥራ ስጪው። መርሊን የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለ የወፎች ጥናት ማዕከል የሠራው ነው። ወፍ ሲዘፍን ስልኩን ዘርግተህ ትይዛለህ፣ የየትኛው ወፍ ድምፅ እንደሆነ ይገምትልሃል። በሁሉም አገር እኩል አይሠራም፣ ግን በፎቶም ስለሚሞክር ባዶ እጅህን አትመለስም። ቤት ዋይፋይ ካለ ቀድሞ ይጫን፣ መንገድ ላይ ዳታ እንዳይበላ። ወይ ደግሞ ጂኦካሺንግ አለ፤ ከፈረንጆቹ 2000 ጀምሮ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ትናንሽ ሣጥኖች እየደበቁ ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ፣ ሌላው ፈልጎ ያገኝና ስሙን ጽፎ ይመልሰዋል። ሰፈራችሁ ውስጥ ከሌለ ራሱ አንድ ቆርቆሮ ደብቆ ለእህቱ ምልክት ይስጣት፣ ያው ነው።

እና ጓደኛ ያምጣ። አንድ ተጨማሪ ልጅ ስንቅ ይጨምራል እንጂ ልፋት አይጨምርም፣ እንዲያውም ይቀንሳል።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ ልክ ብለሻል። ዱላውን እሱ ይያዝ፣ መለኪያውን እናቱ አትንገረው። መካከለኛዋን ብቻ ጠርቶ ያሳያት። የ11 ዓመት ልጅ ከመማር ይልቅ ማስተማር ይወዳል።

ውሃ ዳር ያደግሁ

ማንም ያላነሳው ነገር ስላለ ላንሳ። ነጻ ቦታ ሲባል ብዙ ሰው ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ጥሩም ነው፣ እኔ ከውሃ የሚበልጥ መጫወቻ አላውቅም። ግን አንድ ነገር እወቁ። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልም አይጮህም፣ እጁን አያወዛውዝም። ትንፋሹ ስለሚያጥረው ድምፅ የለውም። ትልልቆቹ ክብ ሠርተው እያወሩ አጠገባቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተራ አንድ ትልቅ ሰው ውሃውን ብቻ ይመልከት፣ ስልክ የለ፣ ወሬ የለ፣ በየሃያ ደቂቃው ይቀያየር። «ሁላችንም እናያለን» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። የ3 ዓመቱ ደግሞ እጅሽን ዘርግተሽ ከምትይዢው በላይ አይራቅ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ቢያህልም።

ወንዝ ከሆነ ከላይ አገር የዘነበ ዝናብ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ሊደርስ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ጫማችሁን ትታችሁም ቢሆን ውጡ። በኃይል የሚወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል።

ሰው የሚበዛበት ቦታ ስትሄጂ ደግሞ ከቤት ስትወጡ በር ላይ አንድ ፎቶ አንሻቸው። ልጅ ቢጠፋ «ምን ለብሶ ነበር» ሲሉሽ ይጠፋብሻል፣ ፎቶው ግን አለ። ስልክ ቁጥርሽን በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ጻፊለት።

ስንቅ በእጄ

ዝናብ ለሚሉ፦ ዝናብ ሲዘንብ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት አለ። ብዙ ሙዚየሞች በወር ወይም በሳምንት የተወሰነ ቀን በነጻ ያስገባሉ፣ ቀኑን ደውላችሁ ጠይቁ። እንዲያውም ነጻ ሲሆን ይሻላል፤ ስለከፈልን ሁሉንም ማየት አለብን ብላችሁ ልጁን አትጎትቱትም። ሦስት ነገር አይቶ ይበቃኛል ካለ ውጡ። መብረቅ ከሌለ ደግሞ ዝናቡ ውስጥም መውጣት ይቻላል። የወረቀት ጀልባ ሠርቶ የመንገድ ዳር ጎርፍ ላይ መልቀቅ፣ ማን ቀድሞ ይደርሳል ብሎ መሮጥ። የሚጠፋው አሮጌ ደብተርና አንድ ባልዲ የሙቅ ውሃ እጥበት ነው።

የሦስቱ እናት

ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንብቤ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ትናንት ሞከርነው።

ስንቁ ማታ ተቋጠረ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ባልነው ለ3 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጣን፣ አንድ ጫማ ጠፍቶ ነበር። ገንዘቡን ለትልቁ ሰጠሁት፤ ስቆጥርለት ፊቱ ተለወጠ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተና እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ዋለ። ከባለቤቴ ጋር ተያይተን ሳቅን። አውቶቡስ መረጠ፣ እስከ መጨረሻው ሄድን። ወርደን ስንዞር አንድ ትልቅ ሜዳ አገኘን፣ እኔ በሕይወቴ ረግጬው የማላውቅ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ያለበት።

ታላቅ እህት፣ ስለ ዛፉ የፈራሽው ልክ ነበር፣ መጀመሪያ «ኧረ እማ» አለ። ከዚያ አብሮን የመጣው ጓደኛው ዛፉ 10 ሜትር ነው አለ፣ እሱ 15 ነው አለ፣ ተወራረዱ፣ ያኔ ዱላ ፍለጋ ሮጡ። በአባቱ ላይ ሞከሩት፣ ባለቤቴ 1 ሜትር ከ90 ሆኖ ወጣ፣ ከእውነተኛው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ በጣም ደስ ስላለው ልኩ እንዳይደገም ከለከለ። ዛፉ 13 ሜትር ገደማ ሆነ። ማን አሸነፈ በሚለው እስካሁን ይጨቃጨቃሉ።

ጉንዳን ግን አልተገኘም። ትንሹ ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ የውሃ ቦይ መክደኛ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት። ጠጠር ሲጥልበት ከታች «ጡብ» ይላል። ጠጠር አነሳ፣ ጣለ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ሳቀ፣ ሌላ ጠጠር። ይህን ያህል ጊዜ እንዴት እንዳልሰለቸው አላውቅም፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ሻይ የምጠጣበት ሰዓት አለፈ። ያለፈው ቅዳሜ ፊኛ ትዝ አለኝና ተናደድኩ።

ፀብ አልነበረም እንዳልላችሁ ነበር። መካከለኛዋ ሳንቲም የምወረውረው እኔ ነኝ ብላ ሁለት ጊዜ አልቅሳለች። ስንመለስ ደግሞ ፌርማታው አጠገብ አይስክሬም ነበር። ሦስቱም ቆሙ። እኔ ዝም አልኩ፣ ሥልጣኑ የእኔ አይደለም። ትልቁ ዋጋውን ጠየቀ፣ በልቡ ደመረ፣ ለአራት ልጅ አባዛ፣ ከዚያ «አንድ ገዝተን እንካፈል» አለ። አራት ማንኪያ ተጠየቀ። ሻጩ ሳቀና ሰጠ። ቤት ስንደርስ 7 ሰዓት አልሞላም፣ ትንሹ ጫማው ሳይወልቅ ተኛ። የተረፈው ገንዘብ ትልቁ ጋ ነው፣ ስንት እንደሆነ ሊነግረኝ ፈቃደኛ አይደለም።

ዱላው በሩ ጥግ ቆሟል፣ እንዳይጣል ስሙን ጽፎበታል። ጋሼ፣ እርስዎን ጠይቂልኝ ያለኝ ጥያቄ አለ፦ ዛፉ ቁልቁለት ላይ የበቀለ ከሆነስ እንዴት ይለካል? በሚቀጥለው ሳምንት የመረጠው ቦታ ዳገታማ ነው።

ጡረተኛ መምህር

ጎበዝ፣ ይህን ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አያውቁም። ንገሪው፦ ሽቅብም ቁልቁልም አይራቅ፣ ልኩ ይዛባል። ዳገቱን ወደ ጎን ይዞ ይራቅ፣ የቆመበት መሬት ከዛፉ ሥር ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንደሆነ። እግሩ ያዳልጠዋልና ወደ ኋላ ሲሄድ እህቱ አሁንም ከኋላው ትሁን።